ከሰንበቴ ገበያ የወጣ የጥርስ ልምድ ማስረጃ

የጥርስ ሐኪም ለመሆን ምን ዓይነት ሰው መሆን እንደሚያስፈልግ ከሚሴ ላይ አንድ ሰው ብትጠይቁ አሥር ሰው ይመልስላችኋል። ለእኔማ ሳልጠይቅ ነው የመለሱልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ዕለት ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳነብ፣ ከኋላዬ የነበረ አንድ ሰውዬ አንገቱን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አብሮኝ ያነብ ኖሯል። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ እሱ ጨርሶ ሄደ። ቤት ስደርስ እናቴ እልልታዋን ጨርሳ ለጎረቤት ዝርዝሩን እያስረዳች ነበር።

ጊዜው ሞባይል ከሚሴ የገባ ሰሞን ነው፤ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ የሚዞርበት ዘመን። ደብዳቤው የመጣው አዲስ አበባ ካለ አንድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትህ ጥሩ ስለሆነ ለመጨረሻው ፈተና ተጠርተሃል ይላል። የተጠራነው ስድሳ ነን፣ የሚገቡት ሃያ ናቸው፣ የቀረው ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። ካልገባሁ የሚጠብቀኝ የመምህራን ኮሌጅ ነው። መምህርነትን ንቄ እንዳይመስላችሁ። ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ስለቀረ ነው።

ልቤ የሄደው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው ጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ሠርተው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው እንጂ ፈትተው አይቻቸው የማላውቅ ሴትዮ፣ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ሲወጡ ሻሹን በእጃቸው ይዘውታል። እያውለበለቡ፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ እስከ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ያንን ሻሽ ካየሁ ወዲህ ሌላ ሙያ አስቤ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ችግር አለብኝ። አርፌ መቀመጥ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ እግሬን ስይዘው እጄ ይጀምራል፤ እጄን ስይዘው ደግሞ ወሬ እጀምራለሁ። ሻይ በብርጭቆ ከሰጣችሁኝ ግማሹ የጠረጴዛው ነው። እናቴ፣ "አንተ ልጅ፣ መሬቱ ይፈጅሃል እንዴ?" ትለኛለች። በዚህ እጄ ነው እንግዲህ የሰው አፍ ውስጥ መርፌ ይዤ ልገባ የተመኘሁት። ድፍረቴን እዩልኝማ!

ደብዳቤው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ቃለ መጠይቅ። ሁለተኛ የእጅ ፈተና፤ ከጠመኔ ላይ የመንጋጋ ጥርስ ቀርጾ ማሳየት። ሦስተኛ፣ "ከሙያው ጋር የተያያዘ ልምድ ካለ የጽሑፍ ማስረጃ ይቅረብ" ይላል። ይህች "ካለ" የምትል ቃል ናት ጉድ ያፈላችብኝ። ሌላው አመልካች "ካለ" ሲባል "የለም" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ፤ ሃምሳ ዘጠኙ ማስረጃ ይዘው ሲመጡ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ቆሜ ታየኝ።

ከተማው ምክሩን ጀመረ። ጸጉር አስተካካዩ፣ "ዋናው የክንድ ጉልበት ነው" ብሎ ጠዋት ጠዋት ውኃ እንድቀዳ አዘዘኝ። የቁርአን አስተማሪያችን፣ "ዋናው ሶብር ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው የሰው ሥቃይ አይችልም" አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እንኳ እግሬ አላረፈም። የባጃጅ ሹፌሩ ሰውነቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ "ነጭ ጋዋን ያምርብሃል፣ አብሽር፣ ትገባለህ" አለኝ። ከሁሉም እሱን ወደድኩት።

ጠመኔውን በፓኬት ገዛሁ። ምላጭ ያዝኩ፣ የባዮሎጂ መጽሐፌን የመንጋጋ ሥዕል ላይ ገለጥኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጠመኔ ለሁለት ተሰበረ። ሁለተኛው ለሦስት። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጫፍ ብቻ ሲቀረው፣ እጄ ብድግ አለና ጥርሱ ወለሉ ላይ ዱቄት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፓኬቱ አለቀ፤ አንድ ጥርስ ግን አልወጣም። እናቴ በዱቄቱ የቤቱን ግድግዳ ቀባችበት።

ወደ ሳሙና ዞርኩ። የልብስ ሳሙና ለስላሳ ነው፣ አይሰበርም። እውነትም አልተሰበረም፤ ተርታ መንጋጋ አወጣሁ። ችግሩ ሳሙናው የእናቴ መሆኑ ነው። በማግስቱ ቦርከና ወንዝ ወርዳ፣ ልብሱን ዘርግታ፣ ከዘንቢሏ ውስጥ ጥርስ አወጣች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ጮኹ። እናቴ ግን ምንም አልመሰላት፤ "የልጄ ሥራ ነው፤ ይኼኛው እንዲያውም ለእጅ ይመቻል" ብላ ማሸት ቀጠለች። እነሱም ከዚያ ወዲያ አንድ አንድ መንጋጋ ይለምኗት ጀመር። ጥርስ ቀረጽክ ከተባለ ቀረጽኩ፤ ፈተናው ግን በጠመኔ ነው፣ ጠመኔው ደግሞ አሁንም ይሰበራል።

ልምዱስ? እኔ የማውቀው የጥርስ ሐኪም ከሚሴ ውስጥ የለም። ማንን አይቼ፣ የማንን በር አንኳኩቼ ልማር? ጓሮ ለጓሮ ስንቆራጠጥ ያየኝ አጎቴ ሰይድ ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ሠላሳ ዓመት የከብት ደላላ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

"ጥርስ የማየት ልምድ ነው ያሉህ?"

"አዎ አጎቴ።"

"አንተ ጉርባ፣ ምነው እስካሁን ዝም አልከኝ! ወላሂ በዚህ አገር ከእኔ በላይ አፍ የከፈተ ሰው የለም። የበሬ በለው፣ የግመል በለው፣ የበቅሎ በለው! እሁድ ኮቱ፣ ና፣ ሰንበቴ አብረን እንወርዳለን።"

"አጎቴ፣ እነሱ ያሉት የሰው ነው እኮ።"

"ጥርስ ጥርስ ነው" አለ። "የሰው ይቀላል፤ አይራገጥም።"

አሁን ሳስበው ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እንደኔ ያለ መቀመጫ ያጣ ሰው ከመቀመጥ የማይረባ ነገር መሥራት ይሻለዋል። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከበግ ነጋዴዎች ጋር አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ሰንበቴ ገባሁ።

ሰንበቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከቆላ አፋሮቹ ግመላቸውን እየነዱ ይመጣሉ፣ ከደጋ ደግሞ በሬና በጉ ይወርዳል፣ መሐል ላይ አቧራው ከሰውና ከከብት በላይ ይቆማል። እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ በኪሴ ንጹሕ መሐረብ ጨምሬ ደረስኩ። የጥርስ ሐኪም እንደዚህ ነው የሚለብሰው ብዬ ነው።

አጎቴ የመጀመሪያውን በሬ ሰጠኝ። ቀይ በሬ ነው፣ ቀንዱ የሚያስፈራ። ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብዬ ሄጄ ከንፈሩን ስይዘው ራሱን አንዴ ወዘወዘና አቧራ ላይ አስቀመጠኝ። ተነሥቼ እንደምንም ገልጬ ሳይ፣ ከላይ የፊት ጥርስ የሚባል ነገር የለውም! ድድ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ግኝቴ ነው። ገበያው ሁሉ እስኪሰማ፣ "አጎቴ፣ የዚህ በሬ የላይኛው ጥርስ ሙልጭ ብሎ ወልቋል!" ብዬ ጮኽኩ።

የበሬው ባለቤት ዱላውን አነሣ። አጎቴ መሐላችን ገብቶ አገላገለን። ለካ በሬ ሲፈጥረውም ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ባዮሎጂ ዘጠና ምናምን አምጥቼ፣ ይህን አላውቅም። ሰውየው እስከ ዛሬ "ገበያዬን የዘጋብኝ የከሚሴ ልጅ" ይለኛል አሉ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ጥላ ሥር ወስዶ አስቀመጠኝና ሥራውን ከሥሩ ጀምሮ ነገረኝ። መጀመሪያ አፍ አይያዝም። በግራ ትከሻው በኩል ትቆማለህ፣ ሰላም ትለዋለህ፣ አንገቱን ትዳብሰዋለህ፣ "ሱታ፣ ሱታ" ትለዋለህ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። እጅህን ሲለምድ ብቻ ከንፈሩን ትገልጣለህ። ሁለት ጥርስ፣ አራት ጥርስ፣ ስድስት ጥርስ፣ ሙሉ አፍ እያልክ ዕድሜውን ትቆጥራለህ። ስትነካው ደግሞ ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ዓይኑንም እይ።

"ዓይኑን ለምን?" አልኩት።

"አፍ የለውማ! የታመመበትን ቦታ ማን ይነግርሃል? የታመመ መንጋጋ ስትነካ ሽፋሽፍቱ ትርግብ ትላለች። እሷን ካላየህ ምንም አላየህም።"

ሁለተኛው ነገር ያየኸውን ጮኸህ አለመናገር ነው። ለሚመለከተው ሰው፣ በጆሮው፣ ቀስ ብለህ። ይህን ሲነግረኝ የቅድሙ ባለ በሬ ገና ዱላውን ይዞ እያየኝ ስለነበር ወዲያው ገባኝ።

አምስት እሁድ ተመላለስኩ። በሦስተኛው እሁድ አንድ ግመል አንገቱን ስዳብሰው ዝም ብሎኝ፣ ዝም ብሎኝ፣ ድንገት ደብተሬን ከብብቴ መንጭቆ ማኘክ ጀመረ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻዬ ነው! ባለቤቱ፣ ረጅም የአፋር ሽማግሌ፣ ምንም ሳይስቅ፣ "ተወው፣ ማንበብ ይወዳል" አለኝ። በአምስተኛው እሁድ አጎቴ ራሱ እያየ አሥራ አንድ በሬ ብቻዬን አየሁ፤ አንዱንም አልሳትኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ "በቃ፣ አሁን ማስረጃ ይጻፍልሃል" አለ።

ማስረጃውን የጻፈው ከሚሴ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ክስና ይግባኝ ነው። አጎቴ "ከብት" እያለ ሲነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሰይድ፣ ደብዳቤው የሚሄደው ዶክተሮች ዘንድ ነው። ከብት የሚል ቃል ለእነሱ ክብር አይመጥንም። ለእኔ ተወው።"

የጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። "ጉዳዩ፦ የጥርስ ልምድን ስለማሳወቅ። አመልካች በሰንበቴ በየሳምንቱ እሁድ ከቆላም ከደጋም የሚመጡ ከሁለት መቶ የማያንሱ ባለጉዳዮችን አፍ በመክፈት፣ ጥርስ በመመርመርና ውጤቱን ለሚመለከተው በማሳወቅ ያለ አንዳች ነቀፌታ ያገለገለ መሆኑን፣ እኛ አሻራችን ከዚህ በታች የሰፈረው የጥርስ አዋቂዎች እናረጋግጣለን።" ከሥሩ ሰባት ደላሎች አውራ ጣታቸውን በቀለም እየነከሩ አተሙ። ሳነበው ላብ አጠመቀኝ። ውሸት የለበትም፤ እውነትም የለበትም። ይቀየርልኝ ልል ስል አጎቴ አጥፎ በፖስታ ከተተውና ምርቃቱን አወረደው። ሰው እየመረቀህ ምን ትለዋለህ? አሚን አልኩና ተቀበልኩ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ጠመኔው ታደለን። ከጎኔ የነበረችው ልጅ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የምታምር መንጋጋ ቀርጻ ጨረሰች፤ ሥር ሁሉ አውጥታለታለች። እኔ ሦስት ሰበርኩ። በአራተኛው ያወጣሁትን ነገር የሰበሰበው ሰውዬ መዳፉ ላይ አድርጎ ከወዲያም ከወዲህም አየውና፣ "ይኼ የትኛው ነው?" አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ከክፍሉ ስወጣ ቅስሜ ስብር ብሏል፤ የቀረኝ ቃለ መጠይቁና ያ ወረቀት ብቻ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ያሉት ሰብሳቢዋ፣ መነጽር ያደረጉ ጠና ያሉ ዶክተር ናቸው። ወረቀቱን አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና አነበቡ።

"ከሁለት መቶ በላይ አፍ!" አሉ ዶክተሯ። "ሌሎቹ ልጆች እኮ አንድ ሳምንት ክሊኒክ ቆመው ያዩ ናቸው። እነዚህ ሰባቱ ባለሙያዎች ምን ያህል ሠርተዋል?"

"ትንሹ ሃያ ዓመት ነው።"

"ክሊኒኩ ትልቅ ነው?"

እግሬ ጠረጴዛው ሥር መደለቅ ጀመረ። "ሰፊ ነው። ክፍት ነው። ጣሪያ የለውም።"

ሦስቱም ተያዩ። በቀኝ በኩል ያለው ዶክተር ጠጋ አለና፣ "ማደንዘዣ ምን ትጠቀማላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን መዋሸት ለረጋ ሰው ነው፤ እኔ ስደነግጥ እውነቱ ነው የሚያመልጠኝ። "ገመድ" አልኩ።

"ገመድ?"

"ለሚያስቸግሩት ብቻ ነው።"

"እነማን ናቸው የሚያስቸግሩት?"

"ግመሎቹ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ደስ ይለኛል። ቀኙ ዶክተር ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ግራው መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። ዶክተሯ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስለ አጎቴ፣ ስለ ጋሽ ታደሰ፣ ስለ በሬው ድድ፣ ስለ ሁሉም ዘረገፍኩላቸው፤ ባወራሁ ቁጥር ይብስባቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን እያውለበለቡ ከፊቴ ሲርቁ ታየኝ፤ እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

ዶክተሯ ሳቃቸው ሲበርድ፣ "በል እስቲ፣ እንደ አጎትህ አድርገህ አሳየን" አሉኝ። ወደ ጥጉ አመለከቱኝ። ለካ የጥርስ ሕክምና ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የግቢው ዘበኛ፣ አባባ በቀለ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለአመልካቾች አፋቸውን እየከፈቱ ሲያስቆጥሩ ውለዋል።

ሌላ መላ አላውቅም። በግራ ትከሻቸው በኩል ዞርኩ። "እንደምን ዋሉ አባባ?" አልኳቸው። አንገታቸውን ዳበስ አደረግኩ። "ሱታ፣ ሱታ" አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ከኋላዬ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አባባ በቀለ ግን አልሳቁም፤ ትከሻቸው ወረድ አለ፣ አፋቸው በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

አየሁ። በልማዴ ዕድሜ ቆጠርኩ። በልማዴ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ "ስልሳ ሁለት" አልኳቸው።

ሰውየው ከወንበሩ ሊወድቁ ነበር። "ዝም በል ልጄ፣ በጡረታ ልታስወጣኝ ነው እንዴ!" ብለው ጮኹ። ሦስቱ ዶክተሮች ሰሙ። አሁን ሳቅ ሳይሆን ጩኸት ነው የሆነው። በዚህ በኩል ፈተናዬ አለቀ አልኩ፤ በዚያ በኩል ደግሞ የሰው እንጀራ ልዘጋ ነው። ይቅርታ እየጠየቅኩ አባባን መልሼ አስቀመጥኳቸው፤ የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ አውራ ጣቴን ከታች በግራ በኩል ወደ ኋላ ስወስድ፣ የግራ ዓይናቸው ሽፋሽፍት ትርግብ አለች።

ቆምኩ። እንደገና በቀስታ ነካሁ። እንደገና ትርግብ አለች።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ "አባባ፣ ይቺ ያምዎታል አይደል?" አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ምን አልካቸው?" አሉ ዶክተሯ።

"የነገርኩት ለእሳቸው ነው፤ ይቅርታ፣ እሳቸውን ይጠይቋቸው።"

አባባ በቀለ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሁለት ዓመት ሆኖኛል" አሉ። "በግራ በኩል አላኝክም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ልጅ አፌን አየው። ሁሉም ቆጠሩኝ። ያምሃል ወይ ያለኝ እሱ ነው።"

"አባባ በቀለ፣ በየቀኑ በር የሚከፍቱልን ሰው! ምነው አልነገሩንም?" አሉ ዶክተሯ።

"ማን ጠየቀኝና?"

ዶክተሯ ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጓንት አደረጉ። "እኛ ገመድ የለንም፣ መርፌ ግን አለን" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ናማ፣ ራሳቸውን ያዝልኝ።"

ያዝኩ። ጥርሱ እስኪወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። የማውቀው ዶክተሯ ጥርሱን ሳህን ላይ አስቀምጠው፣ እጄን አይተው፣ "አመልካች፣ አሁን ልቀቃቸው፤ አልቋል" እንዳሉኝ ነው። እጄን አየሁት። የአባባ በቀለ አገጭ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። በሕይወቴ እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

"ጠመኔህን አይቼዋለሁ" አሉ ዶክተሯ ወረቀት ላይ እየጻፉ። "በጣም አስቀያሚ ነው።" ሌላ ምንም አላሉኝም። አባባ በቀለ ግን በነከሱት ጥጥ መሐል፣ "ይኼን ልጅ ካልወሰዳችሁት ነገ በሩን አልከፍትም" ብለው አጉተመተሙ። ዶክተሯ አፋቸውን እንዲዘጉ አዘዟቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማለፌ ተነገረኝ። ሰንበቴ ላይ ሰባቱም ደላሎች፣ "አለፍን" እያሉ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ አጎቴ ሰይድማ ለአንድ ወር ያህል በሬ ሲያሻሽጥ እንኳ፣ "የጥርስ ዶክተሮች በፊርማዬ ነው የሚቀበሉት" ይል ነበር አሉ።

ጥቅምት ላይ ሻንጣዬን ተሸክሜ ስመጣ በሩ ላይ ያገኘኋቸው አባባ በቀለን ነው። ከኋላዬ አዲስ ገቢዎች ተሰልፈዋል።

"ፍተሻ ነው" አሉኝ ኮስተር ብለው። ሻንጣዬን ልከፍት ጎንበስ አልኩ። "ሻንጣውን ተወው። አፍህን ክፈት።"

"አባባ፣ ሰው ያያል እኮ!"

በግራ ትከሻዬ በኩል ዞረው መጡ። አንገቴን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ። ሰልፈኛው ይስቃል። ከፈትኩ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ጣታቸውን በቀኝ ጉንጬ ላይ ወደ ኋላ ሲያሳልፉት ከመሬት ልነሣ ምንም አልቀረኝም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

እንግዲህ ለእናንተም አልነገርኳችሁም፤ ይቅር በሉኝ። የራሱ ጥርስ የታመመ አመልካች ከበር ይመለሳል ያለኝ ሰው ነበር። እናቴም አላወቀችም፣ አጎቴም ያን ሁሉ አፍ ሲያሳየኝ የእኔን አላየም። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ትራስ ነክሼ ነው የማድረው።

"ያምሃል አይደል?" አሉኝ።

"በጣም ነው የሚያመኝ አባባ" አልኩና፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት አለቀስኩ። ሻንጣዬን እዚያው በሩ ላይ አስቀምጠው፣ እጄን ይዘው ወደ ዶክተሯ ክፍል ወሰዱኝ። የጥርስ ሕክምና ትምህርቴን የጀመርኩት በታካሚው ወንበር ላይ ነው።